የገንዳው እድፍና የእማማ ጫልቱ ጥምቀት

ሰኞ፣ የካቲት 10። ጠዋት 12፡30

አሁንም ቅጠል። ትናንት ጠርጌው የገባሁት ገንዳ ዛሬም በባህር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኗል። መረቡን ይዤ ዳር ዳሩን እዞራለሁ፤ የጎረቤቱ ዛፍ ከኋላ ከኋላዬ ይሞላዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስም ያግዘዋል። ጣቶቼ በርደዋል። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትቀየሚኝ፣ ደብተሬ።

በዚህ ማለዳ ምን አስነሳሽ አትይኝም? ትናንት ቤ/ክ፣ የምስክርነት ሰዓት ላይ፣ አማቴ እማማ ጫልቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቁጭ ብለው ይናገሩ ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ከዚያ ለጉባኤው ሁሉ አወጁ፦ የካቲት መጨረሻ እሑድ፣ በልጃቸው በቶሎሳ ግቢ፣ በመዋኛ ገንዳው ውስጥ ይጠመቃሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። መጋቢ ሳሙኤል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔና ባሌ ተያየን። ለእኛ ለባለ ገንዳዎቹ ቀድሞ የነገረን የለም።

ደስ ብሎኛል። እንዴት ደስ አይለኝም። እማማ ካመኑ ዘመናት አልፈዋል፤ መዝሙሩን ከኛ በላይ ያውቁታል፤ ለጸሎት ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። የቀራቸው ውሃው ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚጠመቁት ወደ ወንዝ ሲወርዱ አብረው ሄደው ዳር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ይመለሳሉ። ምክንያቱን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ልጅ ሳሉ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው አገራቸው፣ ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ውስጥ ጥቁር ነገር አዩ። ድንጋይ መስሏቸው ረገጡት። ጉድጓድ ነበር። ታላቅ እህታቸው ጸጉራቸውን ይዛ ጎትታ አወጣቻቸው። ከዚያ ወዲህ ታቹ የማይታይ ውሃ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው አያውቁም።

አሁን ቅድም መጥተው ገንዳውን ጎንበስ ብለው አዩት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቁርጡን ነገሩኝ። ጥቁር ቦታ አይረግጡም። ታቹ ነጭ ሆኖ ከታያቸው ይገባሉ። ካልታያቸው ግን መጋቢው ዳር ላይ ጸልየው ይሸኟቸው፤ ሁለተኛ ስለ ጥምቀት አያነሡም።

ታቹን ብታዪው ደብተሬ። ድሮ ነጭ ሲሚንቶ ነበር። ቶ. (ቶሎሳን ከዚህ በኋላ እንዲህ ነው የምጽፈው፣ ብርድ ነው) መጀመሪያ የቆፈረው ውሃ ልናጠራቅምበት ነበር፤ ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣልን። ግንበኛ አይደል፣ ሲጨርሰው ልቡ አበጠ። ደረጃ ሠራለት፣ ነጭ ለሰነው፣ መዋኛ ነው አለ። ዋናተኛ ግን ከቤታችን አልወጣም። ልጆቹ አግብተው ሄዱ፣ ገንዳው ክረምቱን ብቻውን ከረመ። አሁን ታቹ ቡናማ ነው፣ ቀይ ነው፣ ጥቁር ነው። ነጭ ብቻ አይደለም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ምሽት 1፡00

ውሃው ወጣ። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ዋለ። ጎረቤቶች ጎመናቸውን አጠጡበት፣ ደስ አላቸው።

ቶ. ባዶውን ገንዳ አይቶ አሲድ ካልሆነ አይለቅም አለ። እኔ ደግሞ አሲድ ከነእድፉ ሲሚንቶህን ነው የሚበላው አልኩት። ተኮራረፍን፣ ምሳ ላይ ታረቅን። እኔ እኮ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ሽሮ ሜዳ ሱቄ ውስጥ እድሜዬን ሙሉ ከእድፍ ጋር ስታገል ነው የኖርኩት። ወጥ የነካው ነጠላና ዘይት የነካው ነጠላ አንድ ዓይነት መድኃኒት የላቸውም። መጀመሪያ እድፉን እወቂው፣ ከዚያ ንኪው። ይህችን ይህችን እናቴ አስተምራኛለች።

ስለዚህ ወረድኩ። ተንበርክኬ መረመርኩ። እማማ ዳር ላይ ወንበር አስወጥተው ከላይ ሆነው ያዩኛል።

አንደኛው የሻይ መልክ ያለው፣ የቅጠል ቅርጽ ያለው እድፍ ነው። መነሻው ባህር ዛፉ ነው፣ ምስክር አያስፈልገውም። ሁለተኛው ቀይ ነው፤ ከጉድጓዳችን ውሃ በሚመጣበት ቱቦ ሥርና በብረት መወጣጫው ዙሪያ። ዝገት። ሦስተኛው ጥቁር፣ እንጀራ የሚያህል፣ ደረጃው እንዳለቀ ካለው ወለል ላይ ተኝቷል። እሱን አላወቅኩትም።

የክሎሪን ዱቄት በቶ. አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨመርኩ፣ አራስኩ፣ የቅጠሉ እድፍ ላይ አስቀመጥኩ። ምሳ በልተን ስንመለስ ካልሲው ሥር ነጭ ሆኗል። ነጭ! ቶ.ን ጠርቼ አሳየሁት። ካልሲው የኔ ነው አለ።


ሐሙስ፣ የካቲት 13። ከሰዓት

ትናንት ሱቅ አልከፈትኩም። የቅጠሉን እድፍ በሙሉ ጠርጌ አወጣሁ። ልቤ አበጠ፤ ከባሌ የተጋባብኝ ነው። በዚያው ትምክህት በረኪናዬን ቀዩም ላይ አፈሰስኩ።

ዛሬ ጠዋት ቀዩ ባሰበት። እንደ በርበሬ ሆኗል። የነጠላ ነጋዴ ሆኜ! በረኪና ዝገትን እንደሚያባብስ ለስንት ደንበኛ ተናግሬያለሁ። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የዛገ ነጠላ ሲያመጡልኝ በረኪና አታስነኩት፣ ሎሚና ጨው ቀቡና ፀሐይ ላይ አስጡት ነው የምለው። ራሴን ታዘብኩት።

እማማ ከወንበራቸው ሆነው ሎሚ የለሽም ወይ ብለው ጠየቁ። ሳይስቁ። ምራታቸው ለደንበኛ የምትለውን እሳቸውም ሲሰሙ ኖረዋል ለካ።

ሎሚ ገዛሁ። ቀዩ ላይ አሸሁት፣ ጠበቅኩ። እየፈዘዘ፣ እየፈዘዘ፣ ሄደ። እጄ ቁስሉን ሁሉ እስኪቆጥር አቃጠለኝ፣ ግን እየዘመርኩ ነው የሠራሁት። ጥቁሩ አጠገብ ስደርስ ሎሚም ቀባሁት፣ ክሎሪንም አስቀመጥኩበት። ምንም። ላዩ ላይ ተንበርክኬ ሳሸው ስለዋልኩ ጉልበቴ ሥር ያለውን ቅርጹን በቃሌ አውቀዋለሁ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15። ምሽት 12፡30

ደብተሬ፣ ዛሬ የሆነውን ስሚ። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የቤ/ክ የሴቶች ኅብረት በሙሉ ቆሟል፣ መሪዋ ወ/ሮ ብርቄ ከፊት። ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገዋል። ትልቅ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለዋል። የእማማ ጫልቱን ውሃ ቤት ሊያጥቡ ነው የመጡት። ማንም አልጠራቸውም።

አለቀስኩ። ወ/ሮ ብርቄ ማልቀሱን ተይና ወደ ገንዳው ምሪን አለችኝ።

ባዶው ገንዳ ውስጥ ወርደው ከዳር እስከ ዳር ተደረደሩ። አንዷ መዝሙር ታነሣለች፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይፈገፍጋሉ። ግድግዳው ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፤ ከአዳራሹ ይልቅ እዚህ ያምራል። ገንዳ ለመዘምራን ነው የተሠራው ማለት ነው፣ ቶ. ሳያውቀው። እሱ ከላይ ሆኖ በጎማ ውሃ ያርከፈክፍላቸዋል፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ራሳቸው ላይ። ይጮኹበታል።

እማማ ከወንበራቸው ያጨበጭባሉ። እረፍት ሲደረግ ሴቶቹ ጥቁሩ እድፍ ላይና ዙሪያው ቁጭ ብለው ዳቦውን ቆረሱ፤ ፀሐይ ያለው እዚያ ጋ ነው። እማማ በደረጃው ቀስ ብለው ወርደው፣ ጫማቸውን ሳይሰጉ ደረቁ ወለል ላይ አሳርፈው፣ አብረዋቸው በሉ። ባዶ ሲሆን አይፈሩትም። የሚፈሩት ውሃውን ነው።

አመሻሹ ላይ ወለሉ ነጭ ሆነ። ለማጠቢያ ብለን ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ለቀቅንበት። ጥቁሩ ግን እንደነበረ ነው። እሱን ነገ እጨነቅበታለሁ። ዛሬ ወገቤ ተቆርጧል፣ ደስታዬ ግን ልክ የለውም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 18። ጠዋት

ገንዳው ኩፍኝ ወጣበት።

አልቀልድም። ከዳር እስከ ዳር፣ ወለሉም ግድግዳውም፣ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ። ለማየት ወረድኩ። በያንዳንዷ ነጠብጣብ መሐል እንደ ጸጉር የቀጠነች ነገር ተኝታለች። በጥፍሬ አነሣኋት። ሽቦ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሴቶቹ የፈገፈጉት በምን ነበር? በድስት ሽቦ። ሁሉም ከየቤታቸው ድስት ማጠቢያ ሽቦአቸውን ይዘው ነበር የመጡት። ማንኛዋም ባለ ሙያ ሴት ለፍግፈጋ የምትይዘውን። የተበጣጠሰው ሽቦ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቀርቶ ዛገ። በፍቅርና በመዝሙር ዝገት ዘርተውልን ሄዱ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ውሃው ውስጥ ቆሜ ሳቄ አመለጠኝ። ቶ. ሮጦ መጣ፣ አየ፣ ግንባሩን ያዘ፣ ከዚያ እሱም ተቀላቀለኝ። ሁለታችንም ውሃ ውስጥ፣ የሱሪና የቀሚሳችን ጠርዝ ርሶ።

ወዲያው ግን ተማምለናል። ለሴቶቹ አንናገርም። ወ/ሮ ብርቄ ብትሰማ ዘንድሮ ቤ/ክ አትመጣም።

እማማ ወደ ገንዳው አዩና በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ገቡ። ቶ. አልተረጎመልኝም። ፊቱ ግን ሳቁን አጥቶ ነበር። ውሃው በጣም አትድከሙ እያለን ይሆናል ነው ያሉት ለካ፣ በኋላ ነገረኝ። ይህ አልተመቸኝም። ከዚህ በፊትም እንዲህ እያሉ ነው ወንዙ ዳር የቀሩት።


ሐሙስ፣ የካቲት 20። ምሽት 1፡00

ሎሚ ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ሎሚው የሚሠራው ኮምጣጣ ስለሆነ ከሆነ፣ ቫይታሚን ሲስ? ቶ. ስልኩ ላይ ፈልጎ እውነት ነው አለ፣ ሰው ይጠቀምበታል።

ፋርማሲ ገባሁ። ልጅቷ ብርቱካንማውን፣ የሚመጠጠውን አወጣችልኝ። ነጩን አልኳት። ቀለም ያለው ነገር ነጭ ላይ በማፍሰስማ አልሳሳትም። ለታማሚ ቀለሙ ምን ያደርጋል ብላ ተገረመች። ቤተሰቡ በሙሉ ጉንፋን ይዞት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለገንዳ ነው ብዬ መለስኩላት። ክኒኑን ቶሎ ብላ በከረጢት ጨምራ ሰጠችኝ።

ቶ. ከተበላሸ ስፒከር ያወጣውን ማግኔት እንጨት ላይ አስሮ ወለሉን ጎተተበት። ሽቦው እየተነሣ ተለጠፈበት፣ ጢም አወጣ። እማማ ይህን ሲያዩ ከክፍላቸው ወጡ። ሙቀጫውን አምጪ አሉኝ። ክኒኑን የወቀጡት እሳቸው ናቸው፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ የሚያስነጥሳቸው ዱቄት እየተነሣ። ለራሳቸው ገንዳ ሲሠሩ ማየት ደስ አለኝ። ተስፋ የቆረጠ ሰው አይወቅጥም።

ዱቄቱን ቁርጭምጭሚት በሚደርሰው ውሃ ውስጥ በተንኩ። በመጥረጊያ አመስኩ፣ ግድግዳውንም አራስኩበት። ገና እያመስኩ ነጠብጣቡ መፍዘዝ ጀመረ።


ዓርብ፣ የካቲት 21። ጠዋት 1፡00

ነጭ። ነጭ። ነጭ።

ለመጻፍ እንኳ ፋታ የለኝም፣ ውሃውን ልናወጣ ነው። ኩፍኙ ለቀቀው። ጎረቤትን ጠርቼ አሳይቻለሁ፣ ያልጠራኋቸውም መጥተዋል።

ጥቁሩ ብቻ ቀረ።


ሰኞ፣ የካቲት 24። ምሽት

ጥቁሩ ታወቀ። ማወቁ ምን ይጠቅመናል?

ቶ. በመዶሻ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ እያለ ሲያንኳኳ ቆይቶ መዶሻውን አስቀመጠ። እንዲህ የሚያደርገው ሥራ የተበላሸ ለት ነው። ገንዳው ውሃ እንዳያሰርግ ከሲሚንቶው ሥር ሬንጅ ቀብቶ ነበር። ሲሚንቶው እዚያ ጋ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ አለው። ሬንጁ በየፀሐዩ እየቀለጠ በስንጥቁ ወጥቷል። እድፉ ከላይ የተደፋ አይደለም፣ ከታች የሚመጣ ነው። ክሎሪንም ሎሚም ክኒንም አይመልሱትም። መፍረስ አለበት።

ለማፍረስ ደግሞ ጊዜ የለም። አዲስ ሲሚንቶ ደርቆ ውሃ እስኪችል እሑድ ያልፋል። ማስተላለፍ አይቻልም ወይ አልኩት። እናቴን አታውቂያትም አለኝ። ዘንድሮ አይሆንም ካልናቸው ለዘንድሮ ብቻ አይሆንም። ልክ ነው። አውቃቸዋለሁ።

አመሻሹ ላይ አንድ ሐሳብ መጣለት። ከሚሠራበት ቦታ የተረፈ ነጭ እብነ በረድ አለ። ሰፊ፣ ስስ። ጥቁሩ ላይ ማንጠፍ። ክብደቱ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል። ማን ያውቃል? ለእማማስ እንንገራቸው? ምን አስጨነቃቸው፣ ነጭ ነው የፈለጉት፣ ነጭ ያያሉ ተባባልን።


ረቡዕ፣ የካቲት 26

እብነ በረዱ ተነጠፈ። ስፌት የለውም ማለት ይቻላል። ከጉድጓዳችን ዝገት ያለበት ውሃ አንሞላም ብለን ቦቴ አስመጣን። ቶ. ክሎሪኑን በልክ ጨመረ። ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ የሚመስል ነጭ። ሆቴል ነው የሚመስለው። ሁለታችንም ዳር ቁጭ ብለን ስናየው አመሸን፣ እንደ አዲስ ሙሽሮች።

የጥምቀት ቀሚሳቸውን ሰፍቼ ጨረስኩ። ከራሴ ሱቅ፣ የአባቴ ዘመዶች ከሸመኑት ወፍራም ነጭ ጥጥ። ውሃ ላይ እንዳይንሳፈፍ ጠርዙ ውስጥ ጠጠር ሰፋሁበት። ወ/ሮ ብርቄ የብረት ቀለበት ልታመጣልኝ ነበር፣ በአክብሮት እምቢ አልኩ።


ዓርብ፣ የካቲት 28። ከሰዓት 10፡00

ለልምምድ አወጣናቸው። ቶ. ውሃው ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋላቸው። እኔ ከኋላ። እማማ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። ቆዩ። ምርኩዛቸውን አስገቡ፤ ካሰቡት በላይ ሰመጠ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ታች የለውም» አሉ።

አለው እማማ፣ ይኸው ነጭ ነው፣ ይኸው ቶሎሳ ቆሟል። አዩ፣ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎንበስ ብዬ በሳቸው ዓይን ለማየት ሞከርኩ። እውነት ነው፣ ደብተሬ። ነጩ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ፣ ፀሐዩ እየተወዛወዘበት፣ ወለሉ ቅርብ ይሁን ሩቅ አይለይም። የቶ. እግር አየር ላይ የቆመ ይመስላል። ይህን ያህል ለፍተን አጥበን ያጠፋነው ታቹን ራሱን ነው።

እማማ በኦሮምኛ ጸለዩ፣ ተመለሱ፣ ክፍላቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ቶ. ውሃው ውስጥ ቀርቷል፣ አልወጣም። እኔ እዚህ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ለአንቺ እጽፋለሁ። ሐዘኔ ለጥምቀቱ ብቻ አይደለም። እሑድ ይህ ሁሉ ሰው ሲመጣ፣ እማማ እንደገና ዳር ላይ ቆመው ሲያጨበጭቡ ማየት አልችልም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 29። ጠዋት 3፡00

ቶሎ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

ማለዳ ስነሣ እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ገንዳውን እያዩ። መቼ እንደወጡ አላውቅም። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

«ያ ጥቁሩ የት ሄደ?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። ነገርኳቸው። ሬንጁን፣ ስንጥቁን፣ እብነ በረዱን። አንገቴን ደፍቼ። አልተቆጡም። ለምን ሸፈናችሁብኝ ነው ያሉት። ይህን ሁሉ ቀን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩት እሱን ነበር። እኔ ላዩ ላይ ተንበርክኬ ስታገል አይተዋል። ሴቶቹ ላዩ ላይ ዳቦ ሲቆርሱ አይተዋል፣ አብረው በልተዋል። በምርኩዛቸው ደጋግመው ነክተውታል፣ ደንጊያ ነው፣ አይሰምጥም። ከገንዳው ውስጥ የሚያውቁት ቦታ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀን ጥቁር አልረግጥም ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው።

«ያኔ መቼ አወቅኩት» አሉኝ።

ቶ.ን ከአልጋ ጎትቼ አስነሣሁት። በዚህ ብርድ ገባ፣ እብነ በረዱን እየተንፈራገጠ አውጥቶ ሣሩ ላይ ጣለው። ውሃው እስኪረጋ ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን። ቀስ እያለ ብቅ አለ። ያው እድፍ፣ እንጀራ የሚያህል፣ ደረጃው ባለቀበት። ዙሪያው ያለው ነጭም በሱ ምክንያት ወለል ሆነ።

እማማ አዩት። ቁርስ ስጪኝ አሉኝ።


እሑድ፣ የካቲት 30። ምሽት 12፡00

ግቢው ሞላ። ጎረቤቱም፣ ማኅበረ ምእመናኑም፣ ልጆቻችንም ከነልጆቻቸው። በበርሜል ውሃ አፍልተን ጨምረንበታል፣ ለውጥ አላመጣም፤ ጉለሌ ነው። መጋቢ ሳሙኤል ሲገቡ ትንፋሻቸው ተቆረጠ፣ ጥቅሱን ከመሐል ነው የጀመሩት።

እማማ ነጩን ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ምርኩዛቸውን ለወ/ሮ ብርቄ ሰጡ። በአንድ ወገን ቶ.፣ በአንድ ወገን እኔ። አዎ፣ እኔም ገባሁ፤ ባለቤቱ ሆኜ ገንዳው ሲሞላ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አስነክቼው አላውቅም ነበር። እጄን የጨበጡት እንዴት እንደሆነ! አንድ ደረጃ። ቆሙ። ሌላ ደረጃ። ቆሙ። ዓይናቸው ከጥቁሩ አልተነሣም። ውሃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ ሰውነታቸው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ እመለሳለሁ ሊሉ ነው ብዬ ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝኩ። ቀኝ እግራቸውን አነሡ፣ ፈለጉ፣ አሳረፉ። ከዚያ ግራውን። ሁለቱም እግራቸው ጥቁሩ ላይ።

«ረገጥኩት» አሉ፣ ለመጋቢው ሳይሆን ለኛ። ጮክ ብለው።

መጋቢው የሚናገሩትን ተናገሩ። እኔ አልሰማሁም። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ወደ ኋላ ወደቁልን፣ ውሃው ገጠመባቸው፣ ወጡ። ሽበታቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ ውሃ ከአፍንጫቸው እየወረደ። እልልታው ከየት ተጀመረ፣ የት ቆመ፣ አላውቅም። እጃቸውን ከእጄ አላቀቁና ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ቶ. ዞረው ቀስ ብለው፣ ለሱ ብቻ፦

«ልጄ፣ ታች አለው።»

ቶ. ሲያለቅስ ያየሁት ዛሬ ነው። ውሃ ውስጥ ስለሆነ ማንም አላወቀበትም፣ እኔ ብቻ።


ሰኞ፣ መጋቢት 1። ጠዋት 4፡00

ፀሐይ። ሱቅ ልከፍት ዘግይቻለሁ። ቀሚሱ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ቶ. ቁርስ እንደበላ መሮና መዶሻውን አወጣ። አሁን ጊዜ አለን፣ ውሃውን አውጥቼ ያን ጥቁር ፈልፍዬ አወጣዋለሁ፣ አዲስ ሲሚንቶ እለስነዋለሁ አለኝ። ሙያው ነው፣ እንቅልፍ አይሰጠውም። መሮውን ከእጁ ተቀብዬ ወደ ዕቃ ቤቱ መለስኩት። ወሰንኩ፣ ደብተሬ፣ ቀኑን አንቺ ያዢልኝ፦ እድፉ አይነካም። እኔም ሎሚ አልቀባውም፣ እሱም መዶሻ አያነሣበትም። ሰው መጥቶ ምንድነው ይሄ ቢል መልሱን እማማ ይስጡት።

ቶ. ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ እብነ በረዱን ለወጥ ቤት ጠረጴዛ እያሰበ ሲለካው አየሁ። ስምምነት ነው ማለት ነው።

የሚጣሩት እማማ ናቸው። ከመስኮቱ ይታዩኛል። ጫማቸውን አውልቀዋል፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሰዋል፣ ቀሚሳቸውን በእጃቸው ሰብስበው። ዛሬ ሳትይዙኝ ነው የምገባው እያሉ ነው። ብቻቸውን! ቆይ ልሂድ፣ እኔም ጫማዬን…